ከቄራ የመጣው የኮርማ ዘር ለምን አይዋኝም?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በባሕር ዳር ዙሪያ የሰው ሰራሽ ዘዴ አዳቃይ ቴክኒሻን ነኝ። ሰሞኑን ከቄራ የአንድ ያልተኮላሸ ኮርማ የዘር ፍሬ አግኝቼ በማይክሮስኮፕ ተመለከትሁ። ከፍሬው ሥጋ የወሰድሁት ዘር ራስም ጅራትም አለው፤ ነገር ግን አይዋኝም። በፍሬው ጎን ከተለጠፈው ቱቦ፣ ከኢፒዲዲሚስ፣ ጅራት የወሰድሁት ግን በተመጠነ የጨው ውሃ ሲበጠበጥ ወዲያው መዋኘት ጀመረ። ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ሳለ በመካከል ምን ተጨመረለት? ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ። በሥልጠና ላይ ኮሌስትሮል የዘሩን ገለፈት ያጠነክራል ተባልን፤ ቀጥሎ ደግሞ ዘሩ ላሟ ውስጥ ገብቶ ኮሌስትሮሉን ካላጣ አያስረግዝም ተባልን። የቱን እንመን?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም እመን። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሚለያዩት በሰዓታቸው ነው። ያሠለጠኑህ ሰዎች ያልነገሩህ ነገር ቢኖር ይህን ሰዓት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን ዕድለኛ ነህ ልበልህ። ወደ ቄራ የሚገባው የቀንድ ከብት በብዛት ሰንጋ ነው፤ የተኮላሸ በሬ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ አይመልስም። ያልተኮላሸ ኮርማ አግኝተህ፣ ፍሬውንና ኢፒዲዲሚሱን ለይተህ ማየትህ ብዙ ሰው በመጽሐፍ ብቻ የሚያልፈውን ነገር በዓይንህ አሳይቶሃል።

በዘር ፍሬው ውስጥ አንድ የኮርማ ዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪያልቅ 61 ቀን ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ራስ ያወጣል፤ ጅራት ያወጣል፤ ኃይል የሚያመነጩትን ማይቶኮንድሪያዎቹን በመካከለኛው ክፍል ላይ ይጠመጥማል፤ በራሱ ላይ ደግሞ አክሮዞም የሚባል፣ ኢንዛይም የተሞላ ቆብ ይደፋል። ዘረመሉ ፕሮታሚን በሚባሉ ፕሮቲኖች ተጠቅጥቆ ስለሚታሰር ከዚያ በኋላ አይነበብም። አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበትን ዕቃ ከትርፉ ሳይቶፕላዝም ጋር እዚያው ጥሎት ይወጣል። ቤቱን ሸጦ የሚሰደድ ሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያገኘው ሁሉ በመንገድ ላይ ሌሎች የሚሰጡትን ነው፤ እነርሱም የሚሰጡት ከውጭ ስለሆነ የሚያርፈው በገለፈቱ ላይ ነው።

ጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲታሰር አይተህ ከሆነ ልዩነቱ ይታይሃል። ታንኳው የሚያልቀው መሬት ላይ ነው፤ ሐይቁ መካከል ደንገል የሚያጭድ የለም። የዘር ሕዋስ ግን ሳያልቅ ነው የሚነሣው። የሚጨርሱት በየወደቡ ቆመው የሚጠብቁት ናቸው፤ አንዱ ያስራል፣ አንዱ ይለብጣል፣ የመጨረሻው ደግሞ የፊተኛው የለበጠውን ይገፋል። የጠየቅኸኝ ተቃርኖ የመጣው ከዚህ ነው።

ገለፈቱ ራሱ ምን እንደሆነ እናስቀድም። ሜምብሬን የምንለው ይህ ነገር ውፍረቱ ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም። ፎስፎሊፒድ የሚባሉ የስብ ሞለኪውሎች በሁለት ረድፍ፣ ጅራት ለጅራት ገጥመው ይሠሩታል፤ በመካከላቸው ኮሌስትሮል ይሰገሰጋል፤ ፕሮቲኖች ደግሞ በዚህ የስብ ባሕር ላይ ይንሳፈፋሉ። ይህን ሥዕል ሲንገርና ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1972 ካቀረቡት ወዲህ ብዙ ተስተካክሎለታል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ቆሟል። ገለፈት ግድግዳ አይደለም፤ ይፈሳል።

ምን ያህል እንደሚፈስ የሚወስነው የስቡ ዓይነት ነው። ቅቤና የኑግ ዘይት አስብ። ባሕር ዳር ገበያ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚቀልጠው ቅቤ ጉና ተራራ ግርጌ ቢወሰድ ጠጥሮ ይውላል፤ የኑግ ዘይት ግን እዚያም ይፈስሳል። ልዩነቱ በቅባት አሲዶቹ ላይ ነው፤ ድርብ ትስስር ያለበት ቦታ ሁሉ ሰንሰለቱ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ሰንሰለት ደግሞ ተጠጋግቶ አይደረደርም። የኮርማ ዘር ገለፈት ወደ ዘይቱ ያደላል። ከዋነኞቹ ቅባት አሲዶቹ አንዱ 22 ካርቦንና 6 ድርብ ትስስር ያለው ዲኤችኤ ነው። የኑግ ዘይት ሲቆይ ሽታው እንደሚለወጥ ሁሉ ይህም ገለፈት በኦክስጅን በቀላሉ ይበላሻል። ኮሌስትሮል በዚህ መካከል የሚሠራው ማመጣጠን ነው፤ በሙቀት ጊዜ ስቡ ከመጠን በላይ እንዳይላላ፣ በቅዝቃዜ ጊዜም ተጣብቆ እንዳይደርቅ ይይዘዋል። የኮሌስትሮልና የፎስፎሊፒድ ምጣኔ በሰው ዘር ላይ ወደ 1 ይጠጋል፤ በጥንቸል 0.88፣ በኮርማ 0.45፣ በበግ ደግሞ 0.38 ያህል ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያዝልኝ፤ ስለ ማቀዝቀዝ ስናወራ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ወደ ኢፒዲዲሚስ እንሂድ፤ ጥያቄህ ያረፈው እዚህ ነውና። በፍሬው ጎን ተለጥፎ ያየኸው ያ ጠባብ ነገር አንድ ቱቦ ብቻ ነው፤ እየተጠማዘዘ ተጠቅልሎ ነው እንጂ ቢዘረጋ በኮርማ ከ30 ሜትር በላይ፣ በሰው 6 ሜትር ያህል ይሆናል። ዘሩ በቱቦው ራስ ገብቶ፣ በቱቦው አካል አልፎ፣ የቱቦው ጅራት ላይ እስኪደርስ በኮርማ ከ8 እስከ 11 ቀን ይፈጃል። በእነዚህ ቀኖች ውስጥ የዘሩ ቅርጽ የሚታይ ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ በአንገቱ ላይ የቀረችው የሳይቶፕላዝም ጠብታ ወደ ጅራት ወርዳ የመካከለኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ትደርሳለች፤ ኋላም ትወድቃለች። ከአንገት ሥር ጠብታ የያዘ ዘር በብዛት ካየህ ኮርማው ገና ወይፈን ነው፣ ወይም ከመጠን በላይ ሠርቷል፣ ወይም ሙቀት ጎድቶታል ብለህ ጠርጥር። የዘር ፍሬ ከሰውነት ጥቂት ዲግሪ ቀዝቀዝ ብሎ ካልዋለ ሥራው ይዛባልና በፎገራ ሜዳ የበጋ ቀትር ላይ ያለ ጥላ የሚውል ኮርማ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

በዓይን የማይታየው ለውጥ ግን ብዙ ነው። ከስቡ ልጀምር። ዘሩ በቱቦው ሲወርድ ፎስፎሊፒዶቹ ይቀነሳሉ፣ ይለዋወጣሉ፤ ድርብ ትስስር የበዛባቸው ድርሻ ከፍ ይላል። የኮሌስትሮሉ መጠንም አብሮ ይለወጣል፤ ዝርዝሩ ከእንስሳ እንስሳ ስለሚለያይ ለበግ የተጻፈውን ለኮርማ፣ ለአይጥ የተጻፈውን ለሰው እንዳለ አትውሰድ።

ቀጥሎ ፕሮቲኖቹ። የቱቦው ግድግዳ ሕዋሶች ኢፒዲዲሞዞም የተባሉ፣ ከ50 እስከ 250 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ጥቃቅን ከረጢቶችን ወደ ቱቦው ይለቅቃሉ። እነዚህ ከረጢቶች ራሳቸው በገለፈት የተጠቀለሉ ናቸው፤ ከዘሩ ጋር ሲነካኩ የያዙትን ፕሮቲን ያስረክቡታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ያናጊማቺና ባልደረቦቹ የቻይና ሐምስተር በተባለ አይጥ መሰል እንስሳ ላይ ይህን ሲያዩ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር፤ አንድ ሕዋስ ገለፈቱ ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ከሌላ ሕዋስ በፖስታ ይቀበላል ማለት ነውና። በኮርማ ከሚተላለፉት አንዱ ፒ25ቢ የተባለው ነው፤ አክሮዞሙን በሚሸፍነው ገለፈት ላይ ያርፋል። ዘራቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንከን የማይወጣለት፣ ላሞችን ግን በቅጡ የማያስረግዙ ኮርማዎች ሲመረመሩ ይህ ፕሮቲን አንሶ ተገኝቷል። መዋኘቱን ብቻ አይተህ ኮርማውን አትመስክርለት የምልህ ስለዚህ ነው።

አንዳንዶቹ ፕሮቲኖች ደግሞ አዲስ አይመጡም፤ ዘሩ ከፍሬው ይዟቸው ከወጣቸው መካከል ሲሆኑ በመንገድ ላይ ይቆረጡና ቦታ ይለውጣሉ። በጊኒ ፒግ ፈርቲሊን የተባለው ፕሮቲን መጀመሪያ በራሱ ሁሉ ላይ ተበትኖ ይገኛል፤ ኋላ ተቆርጦ ወደ ራሱ የኋላ ክፍል ይሰበሰባል። የበሰለ ዘር ገለፈት እንግዲህ አንድ ወጥ ጨርቅ አይደለም። የራሱ ፊት፣ የወገቡ ቀበቶ፣ የራሱ ኋላ፣ መካከለኛው ክፍል፣ ጅራቱ፤ እያንዳንዱ የራሱ ድንበርና የራሱ ነዋሪ ያለው ቀበሌ ነው። ገለፈት ይፈሳል ብዬህ ሳለ ድንበር አለው ማለቴ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል፤ ግን እንዲሁ ነው። ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ ፊቱ ቆቡን ሊከፍት ነው፣ ቀበቶው ከእንቁላሏ ጋር ሊጣበቅ ነው፣ ጅራቱ ካልሲየም ሊያስገባ ነው።

በላዩም ላይ ካባ ይደረብለታል። በስኳር የተሸፈኑ ፕሮቲኖች ገለፈቱን ያለብሱታል፤ ሲያሊክ አሲድ የተባለው የስኳር ዓይነት ስለሚበዛባቸው የዘሩ ላይ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይጨምራል። በማካክ ዝንጀሮ ላይ በደንብ እንደተጠናው ይህ ካባ ዘሩ የማሕፀን በር ንፍጥን እንዲያልፍና ከእንስቷ የመከላከያ ኃይል እንዲሸሸግ ይረዳዋል።

ታዲያ መዋኘቱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሞተሩ ኢፒዲዲሚስ ውስጥ የተገጠመ ይመስለዋል። ሞተሩ ቀድሞም አለ። ሐምስተር ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 የተሠራ ሙከራ ነበር፤ ከዘር ፍሬ የወጣውን ዘር ገለፈቱን ሳሙና በመሰለ ኬሚካል ገፈፉትና ኃይል ሰጪውን ኤቲፒንና በሕዋስ ውስጥ ትእዛዝ የሚያስተላልፈውን ሳይክሊክ ኤኤምፒን ሲሰጡት ጅራቱ ተወዛወዘ። ጅራቱ አካለ ስንኩል አልነበረም፤ ያልተዘጋጀው በገለፈቱ በኩል የሚገባውና የሚወጣው፣ ከውስጥም ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ሥርዓት ነው። በነገራችን ላይ ከኢፒዲዲሚስ ጅራት የወሰድኸው ዘር ሲዋኝ ያየኸው አንተ በጨው ውሃ ስለበጠበጥኸው ነው። በቦታው ሳለ ዝም ብሎ ነው የሚተኛው። የኮርማ ኢፒዲዲሚስ ጅራት ውስጥ ያለው ፈሳሽ አሲድነት ያለው፣ ፒኤቹ 5.8 ገደማ የሆነ ነው፤ አሲዱ እስኪለዝብ ድረስ ዘሩ ኃይሉን ይቆጥባል።

መብሰሉ በገለፈቱ ላይ እንደሆነ ከሰው ሕክምና የመጣ ሌላ ማስረጃ ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ አንድ ዘር በቀጭን የመስታወት መርፌ በቀጥታ እንቁላል ውስጥ ገብቶ ፅንስ ይሆናል፤ ከዘር ፍሬ ሥጋ የተወሰደ፣ የማይዋኝ ዘር እንኳ በዚህ መንገድ ልጅ ሆኗል። መርፌው ገለፈቱ ሊሠራው የነበረውን ሥራ ሁሉ ስለሚዘልለት ነው። ዘረመሉ ከፍሬው ሲወጣ ዝግጁ ነበር።

ኮርማው ሲዘል የሚሆነውን ደግሞ ተመልከት። ዘሩ ከኢፒዲዲሚስ ወጥቶ ከሌሎች ዕጢዎች ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል። በኮርማ ከእነዚህ ዕጢዎች የሚመጡ፣ ቢኤስፒ የሚል አሕጽሮት የተሰጣቸው ፕሮቲኖች በሰከንዶች ውስጥ የገለፈቱን ፎስፎሊፒዶች ይይዛሉ። መጀመሪያ ገለፈቱን ያረጋጉታል። ትንሽ ከቆዩ ግን ኮሌስትሮልና ፎስፎሊፒድ ከውስጡ መዝረፍ ይጀምራሉ። ጠባቂውም ዘራፊውም አንድ ሰው ነው፤ ልዩነቱ የቆየበት ሰዓት ነው። በተፈጥሮ መገናኘት ዘሩ ይህን ፈሳሽ ጥሎ ወደ ማሕፀን በር ስለሚያልፍ አደጋው አጭር ነው። በማምረቻ ጣቢያ በብርጭቆ ውስጥ ሲቆይ ግን አጭር አይደለም።

ላሟ ውስጥ ያለው ጉዞ የጥያቄህ ሁለተኛ ክፍል ነው። ኦስቲን በአውስትራሊያ፣ ቻንግ በአሜሪካ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1951 እያንዳንዳቸው አንድ ነገር አሳዩ፤ የተረጨ ዘር፣ ምንም ቢዋኝ፣ በእንስቷ አካል ውስጥ የተወሰነ ሰዓት ሳይቆይ እንቁላል ማስረገዝ አይችልም። ኦስቲን በተከታዩ ዓመት ካፓሲቴሽን አለው፤ ብቁ መሆን እንደ ማለት ነው። ምን ይሆናል? ካባው ይገፈፋል። በእንስቷ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት በዘሩ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚያመርተውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ የገለፈቱ ሁለት ረድፍ ስቦች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ኮሌስትሮሉ ወደ ላይ ይወጣና እንደ አልቡሚን ያሉ ፕሮቲኖች ተሸክመውት ይሄዳሉ። ገለፈቱ ይላላል። በላብራቶሪ የኮርማን ዘር ብቁ ለማድረግ ሄፓሪን የተባለ ንጥረ ነገር ጨምረው አራት ሰዓት ገደማ ያቆዩታል፤ በላሟ የእንቁላል ቧንቧ ውስጥም ሄፓሪን መሰል ነገሮች አሉ።

የሚገርመኝ ላሟ ራሷ ይህን ሰዓት መቆጣጠሯ ነው። በእንቁላል ቧንቧ የታችኛው ጠባብ ክፍል የደረሱት ዘሮች ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ፤ የሚያጣብቋቸውም እነዚያው ቢኤስፒ የተባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ተጣብቀው ሳሉ ይቆያሉ፣ ይጠበቃሉ። እንቁላሏ ልትወጣ ስትቃረብ ጥቂት በጥቂት ብቁ እየሆኑ ይላቀቃሉ። የላሉት ደግሞ አዋዋኛቸው ይለወጣል፤ በጅራታቸው ላይ ያለው ካትስፐር የተባለ የካልሲየም በር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታወቀው፣ ሲከፈት ጅራቱ በኃይል እየተገረፈ ይወራጫል።

ከዚያ ቆቡ ይከፈታል። የአክሮዞሙ የውጭ ገለፈትና የዘሩ ገለፈት በብዙ ቦታ ተጣብቀው ይቀዳደዳሉ፤ ኢንዛይሙ ይፈስሳል፤ ከሥሩ ተሸሽጎ የነበረው ኢዙሞ የተባለ ፕሮቲን ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ያገኙት ጃፓናውያን ስሙን የሰጡት በአገራቸው ጋብቻ ከሚታሰብበት የኢዙሞ ቤተ መቅደስ ወስደው ነው። በእንቁላሏ ላይ የሚቀበለው አጋሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲታወቅ ጁኖ ተባለ፤ የሮማውያን የጋብቻ አምላክ ስም ነው። ሳይንቲስቶችም ሠርግ ይወድዳሉ።

ስለዚህ ኮሌስትሮል ገለፈቱን የሚያጸናው እንዳይቀደድ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ እንዲቀደድ ነው። ያልተቀደደ ዘር አያስረግዝም፤ ቀድሞ የተቀደደም አያስረግዝም። ከፍሬው እስከ እንቁላል ቧንቧው ያለው ዝግጅት ሁሉ ይህን አንድ መቀደድ በቦታውና በሰዓቱ ለማድረግ ነው።

ይህ አንተ በሞተር ብስክሌት ጭነህ የምትዞረውን፣ የቀዘቀዘ ዘር የያዘውን የናይትሮጅን ጋን ይነካዋል። ዘርን ከ37 ዲግሪ ወደ 5 ዲግሪ ስታወርድ ቅቤው ከዘይቱ ይለያል፤ አንዳንዱ ስብ ቀድሞ ይረጋል፣ ሌላው ይፈስሳል፣ ፕሮቲኖቹ ወደማይገባቸው ቦታ ይገፋሉ። ከሁሉ የሚጎዳው ከ15 እስከ 5 ዲግሪ ባለው መካከል በድንገት መውረድ ነው። ያዝልኝ ያልሁህን ቁጥሮች አሁን አውጣቸው። ኮሌስትሮሉ ብዙ የሆነው የሰውና የጥንቸል ዘር ድንገተኛ ቅዝቃዜን ይችላል፤ የኮርማና የበግ ዘር ግን ይጎዳል። የዶሮ እንቁላል አስኳል የሚጨመረው ለዚህ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1939 አስኳል የኮርማን ዘር እንደሚጠብቅ ሲያሳይ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። ኋላ እንደታየው በአስኳሉ ውስጥ ያለው ዝቅተኛ እፍግታ ያለው ቅባት አዘል ፕሮቲን እነዚያን ቢኤስፒዎች ይዞ ያስቀራቸዋል፤ ዘራፊው እጁ ይታሰራል። ግሊሰሮል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 በፖልጅ፣ በስሚዝና በፓርክስ ሥራ መጣ፤ በረዶው ሕዋሱን እንዳይወጋና ጨው እንዳይከማችበት ይረዳል። ከሁለቱ በኋላ ነው ዘር በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለዓመታት መቀመጥ የቻለው።

ሁለቱም ተጨምረው እንኳ ቀዝቅዞ ከቀለጠው ዘር ግማሽ ያህሉ መዋኘቱን ያጣል። ከሞቱት ይልቅ የሚያሳስበኝ በሕይወት የተረፉት ናቸው። ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ኮሌስትሮላቸውን ያሳጣቸዋል፤ ካልሲየም ያስገባባቸዋል፤ ብቁ የሆኑ ይመስላሉ። ወደ ላሟ ሲገቡ ግማሹን መንገድ ያለ ፈቃድ የሄዱ ናቸው። ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የመጠበቅ አቅማቸው ይቀንሳል፤ ዕድሜያቸውም ከትኩሱ ዘር ያጠረ ነው። ላሟ ኮርማ መፈለግ ከጀመረች 28 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሏ ይወጣል። ቀድመህ ብታስገባ የቀለጠው ዘር እንቁላሉን ሳይጠብቅ ያልቃል፤ ዘግይተህ ብታስገባ ደግሞ ዘሩ ቧንቧው ላይ ለመሰብሰብ ቢያንስ 6 ሰዓት ስለሚፈልግ እንቁላሉ ያረጃል። ጠዋት የታየችን ማታ፣ ማታ የታየችን በማግስቱ ጠዋት የሚለው የቆየ ደንብ የቆመው በዚህ ገለፈት ላይ ነው። ገበሬው «ላሜ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ኮርማ ትፈልጋለች» ብሎ ሲደውልልህ ስትሮውን፣ ዘሩ የታሸገበትን ቀጭን ቱቦ፣ ከማውጣትህ በፊት ይህን አስብ። ስታወጣም የምታቀልጥበት ውሃ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይሁን፤ በጣት እየነኩ መገመት አይበቃም፤ የጣና ዳር ጠዋትና ቀትር ጣትህን በተለያየ መንገድ ያታልሉታል።

የራሴን ስሕተት ልንገርህና በእርሱ አንድ ምርመራ ላሳይህ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ ገበሬ ቤት የፎገራ ኮርማ መረመርሁ። ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ፣ ሻኛው የሞላ፣ ለማየት የሚያስደስት ኮርማ ነበር። ስላይዱን ሳጥብ ቸኩዬ ስለነበር አልደረቀም። ከዘሩ ብዙው ጅራቱ ተጠቅልሎ አየሁት። በማስታወሻዬ ላይ «የጅራት ጉድለት» ብዬ ጻፍሁ፤ ኮርማው ለማዳቀል እንዳይውልም መከርሁ። ገበሬው፣ እግዜር ይስጠው፣ አልሰማኝም። በተከታዩ ዓመት ጥጆቹን አሳየኝ።

የሆነው ይህ ነው። ተራ ውሃ ውስጡ ጨው ስለሌለው ገለፈቱን አልፎ ወደ ዘሩ ይገባል። ገለፈቱ ጤነኛ ከሆነ ያብጣል፤ የጅራቱ ገለፈት ሲነፋ ውስጡ ያለው ዘንግ ይጠቀለላል። የተቀደደ ገለፈት ግን የተቀደደ ፊኛ ነው፤ ውሃው ገብቶ ይወጣል፤ ጅራቱ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ያ የተጠቀለለ ጅራት ሁሉ የኮርማው ጤና ምስክር ነበር፤ እኔ ክስ አድርጌ ጻፍሁት።

ጄየንድራንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ይህንኑ ባሕርይ ለሰው ዘር ምርመራ አደረጉት። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ 7.35 ግራም ሶዲየም ሲትሬትና 13.51 ግራም ፍሩክቶስ ይሟሟል፤ ለአንተ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃሃልና ሁለቱንም በአሥር አካፍላቸው። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር በ37 ዲግሪ ሙቀት አኑረህ 0.1 ሚሊ ሊትር ዘር ጨምርበት፤ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቆይተህ የተጠቀለሉትን ቁጠር። ለኮርማ ከዚህ ቀጠን ያለ ድብልቅ የሚመርጡ አሉ። አንድ ነገር አትርሳ፤ ከመጀመርህ በፊት በደረቅ፣ በሞቀ ስላይድ ላይ ቀድሞ የተጠቀለለውን ቆጥረህ ከኋለኛው ቀንስ። እኔ ያጠፋሁት ይህችን ነው።

ከአንድ ማምረቻ ቀን የወጡ ስትሮዎችን በዚህ መንገድ አወዳድር። በማይክሮስኮፕ የሚዋኙት 50 በመቶ ሆነው የሚጠቀለሉት ከዚያ በብዙ ካነሱ፣ ዘሩ ዛሬ ይዋኛል፣ ላሟ ውስጥ ግን የሚቆየው ጥቂት ነው ብለህ ሰዓትህን ወደ እንቁላሉ መውጫ አቅርብ።

ቄራ ሌላ ያልተኮላሸ ኮርማ ከገጠመህ ደግሞ ኢፒዲዲሚሱን ከሦስት ክፈለው፤ ራሱን፣ አካሉንና ጅራቱን ለየብቻ በስለት ሰንጥቀህ ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ውሰድ። በየክፍሉ 100 ዘር ቆጥረህ ያቺ ጠብታ አንገት ላይ ነው ወይስ መካከለኛው ክፍል መጨረሻ ላይ የተገኘችው የሚለውን ጻፍ። ከዚያም ሦስቱንም በዚሁ በሲትሬትና በፍሩክቶስ ድብልቅ ሞክራቸው። የቆጠርኸውን ላክልኝ፤ ማስታወሻዬ ላይ ካለው ጋር አስተያየዋለሁ።